«ወጌሻ ልትሆን ነው?»፦ ጎጃም ላላችሁ ዩኒቨርሲቲዎችና የጤና መምሪያዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችና መምህራን፣ የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ ጤና ሰዎች፣ እንደምን ከርማችኋል?

የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ስፖርት ቲቸር» ይሉኛል። የሰፈር ሰው «የኳስ መምህሩ» ይለኛል። ሁለቱንም ለምጃቸዋለሁ። ሦስተኛ ስም ግን አለኝ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። የአባቴ አገር ሰዎች «ዶክተሩ» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም። እንዴት ዶክተር እንደተባልኩ ልንገራችሁና ከዚያ የምጠይቃችሁን እጠይቃለሁ።

ዲፓርትመንት የደረሰኝ ቀን ለእናቴ ደወልኩላት። «እማየ፣ ስፖርት ሳይንስ ደረሰኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ወጌሻ ልትሆን ነው?» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ የምሯን ነበር። በእሷ ዓለም የሰው አካል የሚያውቅ ሁለት ነው፤ ሐኪምና ወጌሻ። ሐኪም እንደማልሆን ነግሬያታለሁ። እንግዲህ የቀረው ወጌሻ ነው። (ሜዳ ላይ ሰው ሲወድቅ ሳጥኑን ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ የስፖርት ጋዜጠኞቻችንም ወጌሻ ነው የሚሉት። እማየ ብቻዋን አይደለችም።)

እውነቱን ልናገርና ትምህርቱን ወድጄ አልገባሁበትም። ምርጫ ስንሞላ ወደ መጨረሻ ያስቀመጥኩት ነው። ነጥቤ ለሌላው አልበቃ ሲል እሱ ደረሰኝ። የዶርም ልጆች «ኳስ ለመማር አራት ዓመት?» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። አንድ ሲኒየር ያጽናናኝ መስሎት «ትራክ ሱት ታገኛለህ» አለኝ። ስለ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት የሰማሁት ማብራሪያ ይኸው ነው። ሌላ ማንም ምንም አላለኝም።

ከገባሁ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ኳስ አለ፣ ጅምናስቲክ አለ፣ አትሌቲክስ አለ። ግን አናቶሚ አለ። ፊዚዮሎጂ አለ። ልብና ሳንባ በሥራ ጊዜ ምን እንደሚሆኑ የሚያጠናው የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ አለ። ባዮሜካኒክስ አለ፤ አጥንትን እንደ ማንሻ፣ ጡንቻን እንደሚስበው ኃይል አድርጎ የሚያሰላ ትምህርት ነው። የስፖርት ሥነ ልቦና፣ ሥነ ምግብ፣ አካል ጉዳት ላለባቸው የሚሆን ስፖርት። ኪኔሲዮሎጂ የሚባለውም እዚያው ነው። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ እንቅስቃሴን ማጥናት ማለት ነው። ሰው እንዴት ይነሳል? እንዴት ይራመዳል? ሲያረጅ ወይም ሲታመም የቱ ጋ ይሰናከላል? ውጭ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ክፍሉን ራሱን በዚህ ስም ይጠሩታል።

አንድ ቀን መምህራችን 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ክፍል ይዞ መጣ። አንዱን ልጅ ጠርቶ መጀመሪያ ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ቀጥሎ እጁን ዘርግቶ እንዲይዘው አዘዘው። ክብደቱ ሁለቱም ጊዜ ያው 20 ኪሎ ነው። ክንዱ ሲዘረጋ ግን ልጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሸክሙ ከአከርካሪ በራቀ ቁጥር የወገብ ጡንቻ ሚዛኑን ለመጠበቅ በብዙ እጥፍ መሳብ አለበት። ያን ቀን ያሰብኩት ስለ ኳስ አልነበረም። ከወንዝ ውኃ ስለምታመጣው እናቴ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ጤፍ ስለሚያጭዱት ዘመዶቼም ነበር። «ወገቤን» የማይል ገበሬ እስኪ አሳዩኝ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ በአጨዳ ሰሞን፣ አባቴ ጠዋት ከመደብ ሊነሳ ሲል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። አፉ ተጣመመ። ጎረቤት «መጋኛ ነው» አለ። ጸበልም ተሄደ፣ ሆስፒታልም ተሄደ። ሆስፒታሉ ስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል ደም ዝውውር መታወክ መሆኑን ነገረን። ተኝቶ ሰነበተና የግፊት ክኒን ይዞ ወጣ። ሲወጣ የተባልነው «ቤት ውስጥ አንቀሳቅሱት» ብቻ ነው። እንዴት? በቀን ስንቴ? የቱን ይዘን? ያሳየን የለም። ሐኪሞቹን አልወቅስም። ኮሪደር ላይ የተኛውን ሰው ብዛት በዓይኔ አይቻለሁ።

ለእረፍት ቤት ስገባ ወንድሜ አባቴን ሲያነሳው ደረስኩ። የሰነፈውን ቀኝ እጁን ይዞ ወደ ላይ ይጎትተዋል። የወደቀ ሰው የሚነሳው እጁን ተይዞ ነው፤ ሌላ ምን ይያዛል? ቀረብ ብዬ ትከሻውን ዳሰስኩት። አጥንቱ ከቦታው ወደ ታች ወርዷል። ሁለት ጣቴ ክፍተቱ ውስጥ ገባ።

የትከሻ ጉድጓድ ጥልቅ አይደለም። የክንድ አጥንት ራስ እዚያ ላይ የሚቀመጠው ጀበና ማቶት ላይ እንደሚቀመጠው ነው። ጀበናውን ዙሪያውን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ስትሮክ ጡንቻዎቹን ሲያዝላቸው ጀበናው ይንሸራተታል። ያን እጅ መጎተት ጀበናውን በጆሮው አንጠልጥሎ እንደመሳብ ነው። አባቴ ሌሊት ሌሊት ያቃስት የነበረው በስትሮኩ ነው ብለን ነበር። ለካ በእኛ ነው።

የእማየን መቀነት ወሰድኩ። ወገቡ ላይ አሰርኩለትና «ከዛሬ ጀምሮ የሚያነሳው ሰው ይቺን ይይዛል፣ እጁን የነካ አለቀለት» አልኩ። ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ቀበቶ አለ፤ የእኛው መቀነት ምን አለው? ሲቀመጥ እጁ እንዳይንጠለጠል ክንዱን ትራስ ላይ አሳረፍነው። መደቡ ላይ ጋቢ አጣጥፌ ከፍ አደረግኩት፤ ከፍ ካለ ቦታ መነሳት ይቀላል። እየበረታ ሲሄድ አንድ አንድ ጋቢ እያነሳን መደቡን ዝቅ አደረግንበት።

መቁጠሩን አልወደደውም። «እንደ ሕፃን አታስቆጥረኝ» አለኝ። «እሺ አባየ፣ እንግዲያው እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እያልክ ተነስ» አልኩት። በ12 ጀመረ። ለፋሲካ 41 ሞላ። የሚገርመው፣ ሲሰግድ የኖረ ሰው ነውና ሰውነቱ እንቅስቃሴውን ያውቀዋል። ስግደት እኮ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ወገብ፣ ክንድ ሁሉም በተራ የሚሠሩበት ነው። አንጎል የተበላሸበትን መንገድ ትቶ ሌላ ይቀይሳል፤ የሚቀይሰው ግን በመደጋገም ነው። በማሳ ላይ ሰው ሲመላለስበት የእግር መንገድ እንደሚወጣ ማለት ነው። አንድ ቀን ሄዶ የተመለሰ መንገድ አያወጣም።

በሦስተኛው ወር መቋሚያውን አቀበልነው፣ በደኅናው በግራ እጁ። ማኅሌት ላይ ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፈው የሚቆሙት አባቶች በባዮሜካኒክስ ቋንቋ የመቆሚያ መሠረታቸውን እያሰፉ ነው። ሁለት እግርና አንድ ዘንግ፤ ጉልቻውም ሦስት ነው። ይህን መምህሬ አልነገረኝም። ግን ፈተና ላይ ቢመጣ እጽፈው ነበር።

አባቴ ዛሬ በራሱ እግር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እርፍ አልያዘም፤ አይይዝምም። ቀኝ እጁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ ስተርክ ጀግና መስያለሁ፤ ስለዚህ የጎደለውንም ልጨምር። ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የደከመ ወይም የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ ማከም፣ የተማረ አንድ ጓደኛ አለኝ። አባቴን ማለማመድ ከጀመርኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውዬ በኩራት ነገርኩት። ሰማኝና «ከመጀመርህ በፊት ግፊቱን ትለካለህ?» አለኝ። አልለካም ነበር። «ሰውየውን በገዛ እጅህ ልትደፋው ነው እኮ!» አለኝ። እጄ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽኗ እየመጣች ትለካልን ጀመር። ጀበናና ማቶቱን ከክፍል ተምሬያለሁ። በሽተኛ ፊት መቆምን ግን ማንም አላስተማረኝም። ለልምምድ የተላክነው ትምህርት ቤትና ሜዳ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ከግቢያችን በእግር የሚደረስ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በሩን አልረገጥኩትም።

አባቴ ሲራመድ ያየ አገር ግን ዝም አላለም። ጎኑ የሰነፈበት፣ ጉልበቱ ያበጠ፣ አንገቱ የተያዘ ሁሉ «ዶክተሩ መጥቷል» እያለ ይመጣል። አንዴ እጁ የተሰበረ ልጅ ይዘው መጡ። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ አስሮታል። ጣቶቹ ጠቁረው እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል። ደም አልደረሳቸውም። በዚያው ፈትታችሁ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት ብዬ ጮህኩ። የእሱ እጅ ተረፈ። እንዲሁ ታስሮ እጁ የተቆረጠ ሌላ ልጅ ግን ክፍሌ ውስጥ አለ። በግራ እጁ ነው የሚጽፍልኝ።

እንግዲህ እኔ ማን ነኝ? ወጌሻ አይደለሁም። ዶክተር አይደለሁም። ፊዚዮቴራፒስትም አይደለሁም፤ የጤና ሙያ ፈቃድ የለኝም፣ በዚህ ሥልጠናዬ ሊሰጠኝም አይገባም። ግን አካል ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን አራት ዓመት ተምሬ ወጥቻለሁ። ያ እውቀት የሚውለው ፊሽካ ለመንፋት ብቻ ነው?

ሌላው አገር ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። በካናዳ ኦንታሪዮ ኪኔሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሕግ የተመዘገበ የጤና ባለሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ልጆች ኪኔሲዮሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ ይማሩና ሦስት ዓመት ገደማ ጨምረው ፊዚዮቴራፒስት ይሆናሉ። መንገዱ የተያያዘ ነው። የእኛው ለየብቻ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ በማስተማር የቆየ ስም አለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው፤ የሕክምና ኮሌጅም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም አለው። ደብረ ማርቆስም ስፖርቱንም ጤናውንም ያስተምራል። ዕቃው ሁሉ ቤት ውስጥ አለ። ወጡ ነው ያልተሠራው።

ስፖርትና ሕክምና የማይገናኙ የሚመስለው ካለ አበበ ቢቂላን ያስታውስ። ሁላችንም ሮምን እናወራለን፣ ቶኪዮን እናወራለን። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ ያለውን ግን ብዙም አናወራም። የታከመው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። እዚያ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ያክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያው ግቢ ውስጥ የጀመረው ውድድር ነው በኋላ ፓራሊምፒክ የሆነው። አበበም በ1962 ዓ.ም. በዊልቸር ሆኖ እዚያ ቀስት ወርውሯል። የሁለት ኦሊምፒክ ጀግና በሽተኛ ሆኖም ስፖርተኛ ነበር። ሆስፒታሉ ሜዳ ስለነበረው ነው።

ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን የሆነውን አልዘረዝርም፤ ታውቁታላችሁ። ክራንች የያዘውን ወጣት በየመንገዱ ታዩታላችሁ። ባሕር ዳር ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። እግር መልበስና በእግሩ መሄድ ግን ሁለት ነገር ናቸው። ልጁ እግሩን ለብሶ ቀበሌው ሲመለስ ዳገቱን እንዴት እንደሚወጣ፣ ጭቃው ላይ እንዴት እንደሚረግጥ ማን ያለማምደው? እኔ የማስተምርበት ከተማ ስፖርት ሳይንስ ተምረው ሥራ የፈቱ አራት ልጆች አውቃለሁ። ሁለቱ ባጃጅ ይነዳሉ።

ልመናዬ ይኸው ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎች፦ የስፖርት ሳይንስ ተማሪን ለጥቂት ሳምንታትም ቢሆን ሆስፒታል ላኩት። ፊዚዮቴራፒስት አጠገብ ይቁም። ግፊት መለካት ይማር። ከሁሉ በላይ መቼ እጁን መሰብሰብና «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት እንዳለበት ይማር። እኔ ያንን የተማርኩት በአባቴ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (በሽተኛን የዕለት ተዕለት ሥራውን እንደገና ማለማመድ ነው) ወይም ወደ ሰው ሠራሽ አካል ሥራ መሻገር ለሚፈልግ መሻገሪያ አብጁለት፤ አናቶሚውን እንደገና ከሀ ሁ እንዳይጀምር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ማንም ያለ መውጫ ፈተና አይመረቅም። ስለዚህ «ስፖርት ሳይንስ ቀላል ነው» የሚለው ወሬም ቀርቷል። ለነገሩ እውነት ሆኖም አያውቅም።

ፍሬሽማን ዲፓርትመንት ሊመርጥ ሲል ደግሞ አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ ያስረዳው። አንድ ሰዓት ይበቃል። መምህርነት አለ፣ አሠልጣኝነት አለ፣ ጂም አለ ይበለው፤ ይህንን ያውቀዋል። ያላወቀውንም ይንገረው። ባሕር ዳር ኢንዱስትሪ ፓርክ ቀኑን ሙሉ ስፌት ማሽን ላይ የምታጎነብሰው ልጅ ወንበሯና ጠረጴዛዋ በልኳ ቢስተካከልላት አንገቷ ይተርፍላታል፤ ያን ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቡሬም ፓርክ አለ። ሸክም እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳይ ሰው እዚያም ያስፈልጋል።

ጥናት ለሚወድ ተማሪ ደግሞ ጎጃም ራሱ ላብራቶሪ ነው። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ውረዱ፤ ግርጌው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ጮቄ ተራራ ላይ ውጡ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት! ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ የሚገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ኩላሊት ቀይ የደም ሴል እንዲበዛ ትእዛዝ ይልካል። ግን እዚያው ከፍታ ላይ በሙሉ ፍጥነት መለማመድ ይከብዳል። ስለዚህ ነው የሩጫ አሠልጣኞች «ከፍ ብለህ ኑር፣ ዝቅ ብለህ ተለማመድ» የሚሉት። የሌላ አገር ሰው ይህንን ለማጥናት አየር የሚያሳሳ ክፍል ይሠራል። እኛ ለሚኒባስ መክፈል ነው የሚጠበቅብን። እስክስታውስ? ትከሻ ለደረቀበት ሰው የጎጃም እስክስታ ምን ያህል ይረዳል ብሎ የመረመረ ተማሪ ቢኖር የመመረቂያ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበው ነበር።

ለጤና መምሪያዎች፦ ከአባቴ ጋር ሦስት ሆስፒታል ተመላልሻለሁ። ፊዚዮቴራፒስት ያገኘነው አንዱ ጋ ነው፤ እሱም ብቻውን ነበር። የፊዚዮቴራፒስት የሥራ መደቡን ጨምሩ። እስከዚያው ግን ስትሮክ ታሞ ለሚወጣ ሰው ቤተሰብ አንድ ገጽ ወረቀት ስጡ። ሥዕል ይኑረው። «የሰነፈውን እጅ አትጎትቱ» የሚለው በትልቁ ይጻፍበት። ብዙ ወጪ የለውም። ወጌሻዎችንም ጥሩዋቸው። ሰው ነገም ወደ እነሱ መሄዱ አይቀርም፤ እኔም ብሆን ሌሊት እግሬ ቢዞር ቀድሜ የማገኘው እነሱን ነው። ጣት ሲጠቁር፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲደነዝዝ ወዲያው ፈትተው እንዲልኩ አሠልጥኗቸው። አጥንቱ በቆዳ ከወጣ ጭራሽ እንዳይነኩት ንገሯቸው። ሲጠሩ ደግሞ በክብር ይጠሩ፤ በቁጣ የተጠራ ወጌሻ አይመጣም።

ለትምህርት ሰዎችም አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ይህ የራሴ ብሶት ነው። የእኔ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ማካካሻ ሆኗል። ፈተና ሲደርስ የመጀመሪያው የሚሰረዝ ስፖርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። የእኔ ተማሪ በሳምንት አንድ 40 ደቂቃ ያገኛል፤ እሷንም ካልተቀማ። ገጠር ያለው ልጅ ከብት ሲያግድ፣ ለገና ሩር ሲመታ ይሞላው ይሆናል። ከተማ ያለው ስልኩ ላይ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚውለው። አዋቂም ቢሆን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልገዋል። የግፊት ክኒን የሚውጥ የቢሮ ሠራተኛ ይህን የሚነግረው ሰው ማግኘት አለበት።

እኔ በበኩሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ከእናንተ ሆስፒታሎች አንዱ ፊዚዮቴራፒስቱ እያዘዘኝ ላግዝ ቢለኝ ያለ ክፍያ እመጣለሁ። ባጃጅ የሚነዱትን ሁለቱንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ነዳጅ ከተገኘ እንመጣለን» ብለዋል። መቀነቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ። እማየ ሌላ ገዝታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም